ሐጂ ኑሩ ቅመም የጠቀለሉበት መጽሐፍ

ስለ መጽሐፍ አስተያየት መስጠት ስለ ጎረቤት አስተያየት ከመስጠት ይቀላል። ጎረቤት ይሰማል፤ ሰምቶም በነጋታው ላሙን ጓሮህ ውስጥ ይለቅብሃል። መጽሐፍ ግን ያሻህን ብትለው ዝም ነው። የጻፈውም ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ሩቅ አገር ነው፣ ወይ ሞቷል። እኔም ይህን አምኜ ነው በጣሊያን ዘመን፣ መቱ ላይ፣ የመጻሕፍት ዳኛ የሆንኩት። ዳኝነቱ ወዴት ወዴት እንደወሰደኝ ላጫውታችሁ።

ከዚያ በፊት ጎሬ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ። ጣሊያን ሲቃረብ መሥሪያ ቤቱ ተበተነ፤ ገሚሱ ዱር ገባ፣ ገሚሱ በጋምቤላ በኩል ድንበር ተሻገረ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ የሄድኩት እስከ መቱ ብቻ ነው። መቱ ባለቤቴ ብርቄ ከአባቷ የወረሰችው ቤትና ጥቂት የቡና እግር ነበራት። ቡናው ያፈራል፣ ብርቄ ትለቅማለች፣ እኔ ዝናቡን አያለሁ። በኢሉባቦር ዝናብ ማየት የሙሉ ቀን ሥራ ነው፤ የሌለው ደመወዝ ብቻ ነው።

ዝናብ ማየት ሲሰለቸኝ ገበያው አፍ ላይ ካለው ከሐጂ ኑሩ ሱቅ እሄዳለሁ። ሐጂ በአማርኛ ይነግዳሉ፣ በኦሮምኛ ይቀልዳሉ፣ በዐረብኛ ይጸልያሉ። የአማርኛ ፊደል ግን አይለዩም፤ አስፈልጓቸውም አያውቅም። አንድ ቀን ስገባ አንድ አዲስ መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አንዱን ገጽ ገንጥለው አዝሙድ ይጠቀልላሉ።

«ሐጂ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አዝሙድ እየጠቀለልኩ።»

«ይኼ እኮ መጽሐፍ ነው።»

«ኮባም ቅጠል ነው፣ ይኼም ቅጠል ነው» አሉ። «ኮባ ግን በዚህ ዝናብ ያለቅሳል፤ ቅመሙን ያረጥብብኛል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎሬ ላይ ሱቁን ዘግቶ ከወረደ ከአንድ የግሪክ ነጋዴ አንድ ሣጥን ገዝተዋል። ላዩ ሚስማርና የፋኖስ መስተዋት፣ ታቹ መጻሕፍት። ሁሉም ጣሊያን ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የታተሙ፣ የቀለማቸው ሽታ ገና ያልለቀቃቸው። ልቤ ደነገጠ። ጎሬ ሳለሁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለማየት የአለቃዬን አለቃ ደጅ እጠና ነበር። ለመንኳቸው። ሐጂ የሰው ልመና አይገፉም፤ ንግዳቸውንም አይጥሉም።

«እንግዲያው ጸሐፊ፣ አንተ እያነበብክ ፍረድ» አሉኝ። «ደህና ነው ያልከውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። አይረባም ያልከውን እጠቀልልበታለሁ።»

መንግሥት ያልሰጠኝን ሹመት ሐጂ ኑሩ ሰጡኝ።

የመጀመሪያው የጤና መጽሐፍ ነበር። የጻፈው ሐኪም፣ መስኮት ከፍቶ መተኛት ሳንባ ያጸዳል ይላል። እኔ ያነበብኩትን የምሞክር ሰው ነኝ፤ መስኮቱን ከፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ የመቱ ጉም ገብቶ በእኔና በብርቄ መካከል ተኝቷል። ብርቄ ስታስነጥስ ሰነበተች፤ በየማስነጠሷ መሀል ሐኪሙን ትረግመዋለች። ለሐጂ አስተያየቴን አቀረብኩ። «እውቀት አለው፣ መቱን ግን አያውቅም። ይጠቅለልበት። ስለ ጥርስ ሕመም የሚለውን ብቻ ይተዉልኝ።»

ሁለተኛው ስለ ጨዋነት ነበር። ጨዋ ሰው ሴት ስትገባ ከመቀመጫው ይነሣል ይላል። ብርቄ በገባች ቁጥር ብድግ አልኩላት። እሷ ደግሞ እንጨት ልታስገባ፣ ውሃ ልታስገባ፣ ዶሮ ልታስወጣ ትመላለሳለች። መጀመሪያ ምን ሆነ ብላ አየችኝ፤ ኋላ «ከተነሣህ አይቀር ያን እንስራ አቀብለኝ» አለች። ከዚያ በኋላ መነሣቴ ሁሉ ሥራ አመጣ። እሱም ይጠቅለልበት አልኩ።

የመልክዐ ምድሩን መጽሐፍ ወደድኩት፤ ዓለምን ዞሮ ዞሮ ዓባይ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። የእኛን ወንዝ ሶርን ግን ረስቶታል። ሶር ገደል ሲገባ የሚያሰማውን ጩኸት ሳይሰማ ስለ ዓለም ለመጻፍ የደፈረውን ሰው ድፍረት አደነቅኩና መደርደሪያው ላይ አስቀመጥነው። የግጥም መጽሐፍም ነበረ፤ ሁሉም ስንኝ በ«ናቸው» ያልቃል። እንዲህ ያለ ቤት አመታት አይቼ አላውቅም። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሐጂን በግድ አስቀምጬ አነበብኩላቸው፤ ሐጂ ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው አዳመጡ። ደስታ መስሎኝ ነበር፤ እንቅልፍ ኖሯል።

አንዱ ጣሊያንኛ ማስተማሪያ ነበር። «ውሃ አምጣ። ፈረሴን ጫን። ለምን ዘገየህ?» ይላል ከዳር እስከ ዳር። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ዝም ብሎ ያመጣል። ጨዋታ የለውም ብዬ ፈረድኩበት። ሐጂ ግን በፍርዴ ላይ ይግባኝ አሉ። «ይኼስ ከፊት ይቀመጥ። እነሱ ሲገቡ ይዩት።»

መጨረሻ ላይ ያ መጽሐፍ ደረሰ። ልብ ወለድ ነው። የሺ የምትባል ልጅ ለአንድ ሽማግሌ ዳኛ ታጭታ፣ በሰርጓ ዋዜማ ከአንድ በቅሎ ነጂ ጋር ትጠፋለች። ጥቂት ገጽ አነበብኩና ተናደድኩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «ምስክር ማን ነው? አገሩ የት ነው?» ሲባል የኖርኩ ጸሐፊ ነኝ። ይቺ የሺ አባቷ ማን ነው? ስትጠፋ ማን አያት?

«ይኼ ውሸት ነው ሐጂ። ያልተወለደች ሴት የሌለ ወንዝ ልትሻገር ስትል ይተርካል።»

«ተሻገረች?»

«እዚያ ሳልደርስ ተውኩት።»

«በል ለአዝሙድ ይሁን» አሉ ሐጂ።

በማግሥቱ ብርቄ ጥቅል አዝሙድ ገዝታ መጣች። ፈታችና ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ ምን ይላል አለች። አነበብኩላት። «የሺም ከወንዙ ዳር ደረሰች። ውሃው ሞልቶ ግንድ ያንከባልላል። በቅሎዎቹ በዚያኛው ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ከኋላዋ አንድ እጅ ትከሻዋን...»

«ትከሻዋን ምን?»

«ገጹ እዚህ ያልቃል።»

«የማን እጅ ነው?»

«አላውቅም።»

«አንብቤ ፈረድኩበት አላልክም?»

«እዚህ ድረስ አላነበብኩም።»

«ሳትጨርስ ነው የፈረድከው?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጎሬ ሳለሁ ትልልቆቹ ዳኞች እንኳ ሲጠየቁ አልሰማሁም። ጋቢዬን ለብሼ አዝሙድ ልገዛ ወጣሁ።

ሐጂ መጽሐፉን በሙሉ ገነጣጥለው ቅመምና ትምባሆ ጠቅልለውበታል። አዲሱ ጥቅል ሲፈታ የሺ ገበያ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትሸጣለች። ወንዙን እንዴት እንደተሻገረች፣ ሽንኩርቱን ከየት እንዳመጣችው የሚናገር የለም። ብርቄ መልሳ ላከችኝ። በሳምንት ውስጥ ቤታችን የአዝሙድ ጎተራ ሆነ፤ ጎመኑም፣ ጋቢዬም፣ እኔም አንድ ዓይነት እንሸታለን።

በሽታው የእኛ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር። ገበያ ቀን ከሐጂ ሱቅ ስደርስ ሰዉ ተሰልፏል። አንዱ የጤናው ገጽ ደርሶት ይከራከራል፤ «የሺን ይስጡኝ፣ ሳንባ አልፈለግሁም» ይላል። ፊደል የሚለይ እኔ ነኝና ከበረንዳው ሥር አስቀምጠው ጥቅሎቻቸውን ያስነብቡኝ ጀመር። አማርኛ ለማይሰማው ደግሞ እትዬ አያንቱ ወደ ኦሮምኛ ይመልሱታል። እትዬ አያንቱ ከሁሩሙ ማር እያመጡ የሚሸጡ፣ ሲናገሩ ንቦቻቸው እንኳ ዝም የሚሉላቸው ሴት ናቸው። እኔ «የሺም አለቀሰች» ብዬ ሳነብ፣ እሳቸው ረዘም ያለ ነገር ይናገራሉ፤ ሰዉ ይስቃል።

«እትዬ፣ አለቀሰች ነው እኮ የሚለው። ዳኛውን ሰደበችው አይልም።»

«መጀመሪያ ሰድባው ነው ያለቀሰችው» አሉኝ። «የጻፈው ሰው ረስቶት ነው።»

ገበያው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ከዳኛው ጋር ነው፤ ርስት አለው ይላል። ገሚሱ ከበቅሎ ነጂው ጋር ነው። ጥጃ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ጥጃውን ረስተው ስለ የሺ ይሟገታሉ። ያ ዘመን ሰው በአደባባይ ስለ ምንም የማይሟገትበት ዘመን ነበር፤ ገበያው ዳር ጣሊያን ያቆመውን እንጨትና ገመዱን ሁሉም ያውቀዋል። እንዲያም ሆኖ ሰዉ ይስቅ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ባነበብኩ ቁጥር «መጽሐፉ ግን የማይረባ ነው» የምለው። «እሺ፣ ቀጥል» ይሉኛል።

ታዲያ ጆሮ ጠቢ መቼ ይጠፋል። አንዱ ከጣሊያን ሰፈር ሄዶ የሰማውን ነገረ። «ልጅቷ ወንዙን ተሻገረች?» ይባባላሉ። «የተሻገረችበት ወረቀት ጎሬ ነው ያለው።» «በቅሎዎቹስ?» «በዚያኛው ዳር እየጠበቁ ነው።» እውነቱን ለመናገር እኔም የሰፈሩን አዛዥ፣ ካፒቴኑን፣ ብሆን እጠረጥር ነበር። ጫካው በአርበኛ ተሞልቷል፤ ወንዙም በቅሎውም አለ።

ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ መጥተው ሐጂንና እኔን ወሰዱን። መንገድ ላይ ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። እኔ ጉልበቴ ማመሙን አቁሞ ነበር፤ ከታች እንዳለ እንኳ አልተሰማኝም።

ካፒቴኑ ቀጭን፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። አጠገቡ ከሰሜን የመጣ ወጣት አስተርጓሚ ቆሟል፤ ፊቱ እንደ ተዘጋ በር ነው።

«ካፒቴኑ፣ የሺ የሚባለው የየትኛው ሽፍታ ስም ነው ይላሉ።»

«የመጽሐፍ ሰው ናት ጌታዬ። ያውም የማይረባ መጽሐፍ።»

«የማይረባ ከሆነ ገበያው ሁሉ ስለ ምን ይጠይቃል ይላሉ።»

«እሱን እኔም ልረዳው ያልቻልኩት ነገር ነው።»

ካፒቴኑ ታሪኩን ከመጀመሪያው ንገረኝ አለ። የማውቀውን ቁርጥራጭ እያገጣጠምኩ ጀመርኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ፣ ከኋላዋ ትከሻዋን የያዛት ዳኛው ነው አልኩ። አስተርጓሚው መተርጎሙን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ዳኛው አይደለም» አለኝ በአማርኛ። «ወንድሟ ነው።»

«ወንድም አላት?»

«የትምባሆ ጥቅሌ ላይ አለ» ብሎ ደረት ኪሱን ነካ። ያን ጊዜ የተዘጋው በር ትንሽ ገርበብ አለ።

ካፒቴኑ ስለ ምን ትጨቃጨቃላችሁ ብሎ ጠየቀ መሰለኝ። አስተርጓሚው ቀጥ ብሎ ቆሞ መለሰ። ካፒቴኑ አሰበና ፍርዱን ሰጠ። መጽሐፍ ከሆነ መጨረሻ አለው፤ መጨረሻውን እስከሚቀጥለው ገበያ ካመጣህ ሐጂ ይፈታሉ። ካላመጣህ መጽሐፍ አይደለም፤ የሚሆነውንም ታያለህ። ሐጂ እዚያው ቀሩ። ስወጣ «ጸሐፊ፣ ሱቁን አይጥ እንዳይገባው ለብርቄ ንገራት» አሉኝ። ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም። ይኸው ነው አንጀቴን የበላው።

ብርቄ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም፤ ነጠላዋን አደግድጋ ከቤት ቤት ዞረች። ሰዉ ጥቅሉን ከየጓዳው አወጣ፤ በርበሬ የነካው፣ ቅቤ የጠጣው፣ ጥግ ጥጉ የተበላ። ከእልፍኛችን ወለል ላይ ገጽ በገጽ ደረደርነው። የሺ እየተሻገረች፣ እየሸጠች፣ ወንድሟ ይቅር እያላት መጣች። ከበቅሎ ነጂው እናት ቤት በር ላይ፣ ዳኛውና በቅሎ ነጂው በሽማግሌዎች ፊት ሲቆሙ ግን አለቀ። የጎደለችው የመጨረሻዋ ገጽ ብቻ ናት።

«አበባ የተሳለባት ናት?» አሉ እትዬ አያንቱ። «ሁሩሙ የአክስቴ ልጅ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋታለች።»

በጭቃው እየተንሸራተትን ሁሩሙ ሄድን። እውነትም ከመደቡ በላይ፣ አበባዋ ከግርጌ፣ ገጿ ተለጥፋለች። የአክስታቸው ልጅ በሊጥ ነበር የለጠፈቻት። ሊጡን ደግሞ አይጥ ወዶት፣ ጽሑፉን ከነሊጡ በልቶ አበባውን ትቷል። የተረፈው ይህ ነው፤ «የሺም ብድግ አለች። ሁሉም ዝም አሉ። ‹እኔ ግን› አለች...»

ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ሐጂን አሰብኩ።

«ጻፈው» አሉ እትዬ አያንቱ።

«ምኑን?»

«ያለችውን ነዋ።»

«እትዬ፣ ያላለችውን እንዴት እጽፋለሁ? ሴትየዋ እኮ የለችም።»

«ሐጂ ኑሩ ግን አሉ» አሉኝ።

ብዕሬን አወጣሁ። መጀመሪያ የሺን እንደዚያ እንደምወደው ግጥም አናገርኳት፤ ሽማግሌዎቹ ክቡር ናቸው፣ ቃላቸውም ማር ናቸው አስባልኳት። እትዬ አያንቱ ሰምተው «ልጅቷ እየተናገረች ነው ወይስ እየተሾመች?» አሉ። ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ፤ አለቀሰች አልኩ። «አሁንም?» አሉኝ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ያቺን ልጅ ከወንዙ ጀምሮ አሰብኳት። አባቷ ሰጣት፣ በቅሎ ነጂው ወሰዳት፣ ወንድሟ ይቅር አላት። እንዲህ ጻፍኩ፦

«‹እኔ ግን› አለች፣ ‹እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።› በቅሎ ነጂውም አለንጋውን መሬት ጥሎ ‹ምን ትፈልጊያለሽ?› አላት። ‹መጀመሪያ ማረፍ› አለች። ‹ከዚያ እነግርሃለሁ።› እናቱም ምንም ሳትጠይቃት ወደ ቤት አስገባቻት፣ እግሯን አጠበቻት፣ ወተት ሰጠቻት። የሺም ተኛች።»

እናቲቱን ያስገቡት እትዬ አያንቱ ናቸው። አንብቤ ስጨርስ «ዱጋ» አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ስለ አንዲት ስላልተወለደች ሴት። እኔም አልተከራከርኩም።

በገበያው ቀን ከካፒቴኑ ፊት ቆምኩ። ሐጂን አምጥተዋቸው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ከስተዋል። አነበብኩ፣ አስተርጓሚው ተረጎመ። የታተመው የታለ አለ ካፒቴኑ። ሁሩሙ ከአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ ቢመጡ አሳያለሁ አልኩ። ካፒቴኑ በመስኮቱ ዝናቡንና መንገዱን አየ። አምኛለሁ በሚል ዓይነት እጁን አወዛወዘ። ከዚያም አንድ ነገር ተናገረ።

«ካፒቴኑ መጨረሻው ደካማ ነው ይላሉ» አለኝ አስተርጓሚው። «ይጋቡ አይጋቡ አይታወቅም ይላሉ።»

እዚህ ላይ ሰው ዝም ይላል። ሰውየው ጠመንጃም ገመድም አለው፤ ሐጂም ነፃ ሊወጡ አንድ ምራቅ መዋጥ ቀርቷቸዋል። እኔ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣሁ።

«ደካማ አይደለም» አልኩ። «ካፒቴኑ አልገባቸውም። ይቺ ልጅ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ስትሮጥ ነው የመጣችው። ሰርግ ይደረብባት? እስቲ ትተኛ። ደግሞስ መጋባት መጨረሻ ነው ያለው ማን ነው? ለመሆኑ እሳቸው ስንት መጽሐፍ አንብበዋል?»

ሐጂ ከኋላ ጋቢዬን ይጎትታሉ። አስተርጓሚው ዓይኑን ሳያርገበግብ አዳመጠኝና ይህን ሁሉ በአንድ አጭር ቃል ለካፒቴኑ ተረጎመለት። ካፒቴኑ ረክቶ ራሱን ነቀነቀና አሰናበተን።

ከበሩ ውጭ ሐጂ የሸኘንን አስተርጓሚ «ምን ብለህ ተረጎምክለት?» ብለው ጠየቁት።

«ይስማማል ነው ያልኩት» አለ አስተርጓሚው። ወደ እኔም ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእኔ ግን ወንድሟ መጨረሻው ላይ መኖር ነበረበት» አለኝ። ይህንንም ልከራከረው ስል ሐጂ ጎትተው ወሰዱኝ።

ገበያው ሐጂን ሲያይ የሆነውን መናገር አልችልም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከዳኛውና ከበቅሎ ነጂው ወገን የነበሩት ተቃቅፈው ቆሙ። መጨረሻውን ካላነበብክ አትሄድም አሉኝና ከበረንዳው ሥር አነበብኩ። ሲያልቅ ክርክሩን እንደ አዲስ ጀመሩ፤ አሁን ደግሞ ነቅታ ምን ትለዋለች በሚለው ላይ።

ብርቄ ከኋላ ቆማ ሰምታለች። ከእትዬ አያንቱና ከእኔ በቀር የጻፈውን የሚያውቅ የለም። ወደ ቤት ስንሄድ አቀበቱ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ያቺ የመጨረሻዋ» አለች፣ «ሌላ ሰው ነው የጻፋት።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እስከዚያ ድረስ ልጅቷን የጠየቃት አልነበረም።»

ጉልበቴን አመመኝ አልኩና ቆም አልኩ። ፊቴን ወደ ዝናቡ አዞርኩ።

«ጥሩ ጽፏል?» አልኳት።

«ጥሩ ጽፏል» አለች ብርቄ። «ብታገኘው ሌላም ይጻፍ በለው። ግን እንደዚያ ያለች አማት የለችም፤ እሱን ያስተካክል።»

እነግረዋለሁ አልኳት።